ስለ ጢስ መሳቢያው መኪናና ስለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላችን

ይህ መጽሔት ግጥምና ክርክር፣ አንዳንድ ጊዜም ቀልድ የሚወጣበት ስለሆነ፣ ስለ ፊልትሮና ስለ ቱቦ መጻፍ ምን አመጣው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሆኖም ከዚህ መንፈቅ ጀምሮ የብየዳ ትምህርታችን እስከ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተዘረጋበት ምክንያት ይኸው ፊልትሮና ቱቦ ነው። በምግብ አዳራሹም ስለዚህ ነገር የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ «ኮሚቴው አስተዳደሩን ደስ ለማሰኘት ብሎ ነው» ይላል፤ ሌላው «ለጢስ ሲባል የሰው ዕረፍት የሚወስድ ማነው?» ይላል። ዕቃው ሲመረጥ በተማሪዎች በኩል ሐሳብ እንድንሰጥ ተመርጠን የነበርነው እኛ ሦስት ሰዎች ስለሆንን፣ ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳት ይገባናል። ፍርዱ የአንባቢ ነው።

ወርክሾፑን ለማያውቁት የሌላ ክፍል ተማሪዎች በአጭሩ እንገልጻለን። የቈርቈሮ ጣራ ያለው አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። በስተቀኝ የእንጨት ሥራ አለ፤ ክብ መጋዝ፣ መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት የሚዞርበት ማለስለሻ መኪና ቆመውበታል። በስተግራ አራት የብየዳ ቦታዎችና አንድ የብረት መሞረጃ አሉ። በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ጧት በሁለት ሰዓት ስንገባ አየሩ ጥሩ ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን ግን በጣራው ቀዳዳ የገባው የፀሐይ ጨረር እንደ በትር ቆሞ ይታያል። ጨረር እንደዚያ ቆሞ የሚታየው አየሩ ባዶ ስላልሆነ ነው።

እኛ በዚያ አዳራሽ የምንውለው በሳምንት ስድስት ሰዓት፣ ያውም ለሁለት መንፈቅ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ግን ከዚያ አይወጡም። አንደኛው አሠልጣኛችን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከሃያ ዓመት በላይ በብየዳ ኖረዋል። ጧት ጧት ሳል ይይዛቸዋል፤ ሲስሉም ተማሪ እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሁለተኛዋ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው። ማታ ማታ ሰጋቱራውን በደረቅ መጥረጊያ እየጠረጉ በጆንያ ይሞላሉ፤ አፍንጫቸውን የሚሸፍኑት በነጠላቸው ጫፍ ነው። ዕቃ ለመምረጥ ስንቀመጥ ከዋጋው ዝርዝር በፊት ማሰብ የሚገባን ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ነው ብለን ተስማማን። የቀረው ክርክራችን ሁሉ ከዚህ ስምምነት የተነሣ ነው።

መቸም እኛ ጢስ የለመድን ሕዝብ ነን። ብዙዎቻችን ያደግነው በጉልቻ ላይ እንጨት በሚነድበት ቤት ነው። እናቶቻችን ዐይናቸውን ሲጠርጉ ብናይ «ጢስ ነው» ብለን እናልፋለን። «ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለው ተረትም ከዚሁ ቤት የወጣ ይመስላል። በሣር ክዳን ሥር ተረቱ እውነትነት አለው፤ ጢሱ በክዳኑ እየሰረገ ይወጣል። በቈርቈሮ ጣራ ሥር ግን ይህ አይሆንም። እዚያ የታፈነ ጢስ የሚገባው በሰው ሳንባ ውስጥ ነው።

አቧራና ጢስ በአነጋገር አንድ ቢመስሉም ለዕቃ ምርጫ ሁለት ናቸው። አቧራ ማለት ጠጣር ነገር ሲቈረጥ፣ ሲላግ ወይም ሲሞረድ የሚነሣ ስብርባሪ ነው። የብየዳ ጢስ ግን ብረቱ ከሙቀት ብዛት ተንኖ፣ በአየር ውስጥ ወዲያው ሲቀዘቅዝ የሚረጋ እጅግ የደቀቀ ብናኝ ነው። መለኪያቸው ማይክሮሜትር ሲሆን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ከመጋዝ የሚረግፈው ሰጋቱራ አብዛኛው ከዚህ የሚበልጥ ስለሆነ ወዲያው መሬት ይወርዳል። ማለስለሻው ከሚያወጣው ዱቄት ውስጥ ግን ከ10 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ብዙ አለ። የብየዳ ጢስ ብናኝ ደግሞ በአብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። የውሃን ያህል ክብደት ያለው የ1 ማይክሮሜትር ብናኝ ጸጥ ባለ አየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ «ይረግፋል፤ ከረገፈም በኋላ ይጠረጋል» የሚባለው ለሰጋቱራ እንጂ ለጢስ አይሠራም።

ጕዳቱም የዛሬ ወሬ አይደለም። ጀርመናዊው ጊዮርጊየስ አግሪኮላ በ1556 እ.ኤ.አ. በታተመው የማዕድን መጽሐፉ፣ በካርፓቲያ ተራሮች እስከ ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንደሚገኙ ጽፏል፤ ባሎቻቸውን በየተራ የጨረሰው የማዕድኑ ጕድጓድ አቧራ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ደግሞ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም በሽተኛውን ሲመረምር «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንዲጨምር መከረ። በእኛ ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የብየዳ ጢስን በ2017 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መደብ አስገብቷቸዋል። የመጀመሪያው በአፍንጫና በዙሪያው ባሉት ክፍት ቦታዎች፣ ሁለተኛው በሳንባ ነው።

ፈጥኖ የሚታይም ጕዳት አለ። የዚንክ ልባስ ያለው ብረት ሲበየድ፣ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ልባሱ ጢስ ይሆናል። ያንን ጢስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኵሰዋል፤ አፉም ብረት ብረት ይለዋል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይለቀዋል። ስለሚለቀውም ማንም አይከታተለውም።

በአገራችን የበያጅ መድኃኒት ወተት ነው። ይህን የማያውቅ ጋራዥ ያለ አይመስለንም። ጋሼም ወተት አያጓድሉም። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ «ጋሼ፣ ጢሱ የሚገባው በሳንባ፣ ወተቱ የሚገባው በሆድ ነው፤ የት ይገናኛሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሥቀው «ልጄ፣ ወተቱን የሚያስብልኝ አለ፤ ሳንባዬን የሚያስብልኝ ስላጣሁ ነዋ» አሉት። ወተት ምግብ ስለሆነ ማንም አይንፈጋቸው። ነገር ግን ለወተት የወጣ ገንዘብ ለፊልትሮ እንደወጣ ሊቈጠር አይገባውም።

ለምርጫ የቀረቡልን ሦስት ሐሳቦች ነበሩ። አንደኛው በግድግዳው ላይ ትልቅ ማራገቢያ መትከል ነው፤ ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ አገልግሎ የወጣ አንድ ትልቅ አቧራ ሰብሳቢ በርካሽ ገዝቶ፣ የእንጨቱንም የብየዳውንም ቦታ በቱቦ ከእሱ ጋር ማገናኘት ነው። ሦስተኛው ለእንጨቱ አንድ፣ ለብየዳው ሌላ አንድ፣ ሁለት ትናንሽ መኪናዎች መግዛት ነው። አስተዳደሩ ሁለተኛውን ወዶት ነበር። በፎቶግራፉም ላይ ግርማ ሞገስ ያለው መኪና ነበር።

ስለ ግድግዳው ማራገቢያ ብዙ አልተከራከርንም። ማራገቢያው በአዳራሹ ጫፍ ላይ ሆኖ ጢሱን ወደ ራሱ ሲጐትት፣ ጢሱ መጀመሪያ በበያጁ ፊት፣ ቀጥሎም በጎረቤቱ ፊት አልፎ ነው የሚሄደው። በተጨማሪም መሳብ እንደ መንፋት አይደለም። ሻማ በእፍታ ከክንድ ርቀት ይጠፋል፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ በመሳብ ሻማ ያጠፋ ሰው ግን አላየንም። የሚነፋ አየር አንድ አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፤ የሚሳብ አየር ግን ከዙሪያው ሁሉ ስለሚመጣ ከቱቦው አፍ ትንሽ ራቅ እንዳልን ኃይሉ ያልቃል።

ይህን ዳላቫሌ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጦታል፤ እኛም በቀመሩ አሰላነው። አፉ 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይሁን፤ ጢሱ ዘንድ ሲደርስ የአየሩ ፍጥነት በሴኮንድ ግማሽ ሜትር እንዲሆን እንፈልግ። የቱቦው አፍ ከጢሱ 30 ሴንቲሜትር ቢርቅ በሰዓት 1,640 ሜትር ኩብ ያህል አየር መሳብ ያስፈልጋል። 15 ሴንቲሜትር ቢቀርብ ግን 425 ያህል ይበቃል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያስፈልገው አየር ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ከመኪናው ትልቅነት ይልቅ የአፉ ቅርበት እንደሚበልጥ የተረዳነው ከዚህ ነው። አፉን ማስጠጋት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚታጠፍ ክንድና የሚያስጠጋው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። ክንዱም ከበያጁ ራስ በላይ ሳይሆን ከሥራው ጐን መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ጢሱ ወደ ላይ ሲሳብ ያጐነበሰውን ሰው ፊት አቋርጦ ይሄዳል።

አሁን ወደ ትልቁ መኪና እንመለስ። አሠራሩ ሳይክሎን የሚባለው ነው። አየሩ በቆመ ሾጣጣ በርሜል ውስጥ በጐን ገብቶ እንደ አዙሪት ይሽከረከራል፤ ከባዱ ብናኝ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየሩም በመካከል ወደ ላይ ወጥቶ በጨርቅ ከረጢት ያልፋል። ለሰጋቱራ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ የሚዘጋ ፊልትሮ የለውም፤ ቢበዛም አይታክተውም። ነገር ግን ብናኙ ከ5 ማይክሮሜትር በታች ሲሆን አዙሪቱ ሊጥለው አይችልም። ከኋላ ያለው ከረጢት ደግሞ የ30 ማይክሮሜትር ጨርቅ ነበር። እንዲህ ያለው ከረጢት በዐይን የምናየውን አቧራ ያስቀራል፤ የማናየውንና የሚጐዳውን ግን አጣርቶ መልሶ ይበትናል። ወለሉ ሲጸዳ አይተን አየሩም የጸዳ ይመስለናል።

ከዚህ የሚብሰው የእሳቱ ነገር ነው። መሞረጃው ፍንጣሪ ያወጣል፤ ብየዳውም እንዲሁ። የዚያን ቱቦ ሰጋቱራና የእንጨት ዱቄት ከሞላው ከረጢት ጋር ማገናኘት፣ እፍ እያሉ ፍም ወደ ጭድ ጐታ መክተት ነው። የእንጨት ዱቄት በአየር ውስጥ ተበትኖ ሲቀጣጠል እንደ ባሩድ ይፈነዳል። በ2014 እ.ኤ.አ. በቻይና ኩንሻን ከተማ የአውቶሞቢል ቸርኬ በሚወለወልበት ፋብሪካ የአሉሚኒየም አቧራ ፈንድቶ 146 ሰዎች ሞተዋል፤ እሳቱም የጀመረው ከራሱ ከአቧራ ሰብሳቢው ነበር። ሰውን ለማዳን የተተከለ ዕቃ በሚገባ ካልተመረጠና ካልተጠረገ ሰውን ይገድላል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ «የእንጨት አቧራና የብረት ፍንጣሪ በአንድ ቱቦ አይገናኙም» የሚለው በሪፖርታችን የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሆነ።

ሦስተኛው ምክንያታችን አገራችን ራሷ ናት። የትልቁ መኪና ሞተር ለ60 ሳይክል መብራት የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ሳይክል ነው። ስለዚህ ቮልቱ ቢስማማለት እንኳ፣ የሚዞረው ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ነው። የአየሩ መጠን በዚያው ልክ ሲቀንስ፣ የመሳብ ግፊቱ ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚወርድ ከመቶ 69 ይሆናል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ነው የሚከብደው፤ የማራገቢያም ግፊት አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲባዙ በመኪናው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ግፊት ግማሽ ያህሉ ብቻ ይቀራል። የቱቦው ተቃውሞ ከአየሩ ቅለት ጋር አብሮ ይቀንሳል፤ የፊልትሮው ጨርቅ ተቃውሞ ግን ከፍታ አይቀንሰውም። ሞተሮችም በተለምዶ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው፤ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዛቸውም። ስለዚህ ማንኛውንም መሳቢያ የሚገዛ የአገራችን ሰው ለሻጩ መጀመሪያ የሚነግረው ከፍታውንና የመብራቱን ሳይክል መሆን አለበት። ርካሽ የተባለው ዕቃ ርካሽነቱ ያበቃው እዚህ ላይ ነበር።

ከፍታው የሚያስከፍለንን ያህል አየሩ የሚሰጠንም ጥቅም አለ። በብርድ አገር ወርክሾፕ በማሞቂያ ስለሚሞቅ፣ የተጣራውን አየር ወደ አዳራሹ መመለስ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ እጅግ ውድ የሆነ የመጨረሻ ፊልትሮ ይገዛሉ። እኛ ግን የምናሞቀው አዳራሽ ስለሌለን የተጣራውን አየር ወደ ውጭ ብንሰደው የምናጣው ነገር የለም። የእንጨቱን ሳይክሎንና ከረጢት ከግድግዳው ውጭ በጥላ ሥር እንዲተከል የጠየቅነው በዚህ ምክንያት ነው። ከረጢቱ ቢያፈስ የሚያፈሰው በሜዳ ላይ ነው፤ እሳት ቢነሣም ከሰው ርቆ ነው። መውጫውም በመኝታ ቤቶቹ በኩል እንዳይዞር በፕላኑ ላይ ምልክት አድርገናል።

ለብየዳው የመረጥነው የታጠፈ ወረቀት መሰል ጨርቅ ያለው ባለ ካርትሪጅ ፊልትሮ ነው። ጨርቁ እንደ አኮርዲዮን ስለሚታጠፍ በትንሽ ቦታ ብዙ ስፋት ይይዛል፤ የደቀቀውንም ጢስ ያስቀራል። ሲዘጋም ከውስጥ ወደ ውጭ በታመቀ አየር ምት ይራገፋል። ከፊቱ ፍንጣሪ የሚያግድ የብረት ሣጥን አለው። አቅሙ በሰዓት 1,000 ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ ለአንድ ክንድ 425 ከሆነ፣ ለሁለት ክንዶች 850 ይሆናል፤ የቀረው ፊልትሮው እየቈሸሸ ሲሄድ ለሚጠፋው መጠባበቂያ ነው። ለአራት ክንድ 1,700 ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ ወደ ቅዳሜ የመጣው በዚህ ነው። አራቱን ቦታዎች በሁለት መሳቢያ ማሠራት ይቻል ነበር፤ ግማሾቻችን በጢስ፣ ግማሾቻችን በንጹሕ አየር እንማር ነበር፤ ትምህርቱም እንደ ድሮው ዓርብ ያልቅ ነበር። አስተዳደሩም ይህን አልከለከለም። እኛ ግን መሳቢያ የሌለው ቦታ እንዳይሠራበት ጠየቅን፤ ተፈቀደልን። ሁለቱ ቦታዎች ተዘጉ፤ ከሃያ አራቱ ተማሪዎች እኩሌቶቹ ቅዳሜ ሆነ። ይህን የወሰነው አስተዳደሩ እንዳይመስላችሁ፤ የጠየቅነው እኛ ነን።

«እኛ በሁለት መንፈቅ ምን እንሆናለን?» የሚሉን ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ምናልባት ምንም አትሆኑ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ተማሪ የሚበይደው ጢስ በአንድ ተማሪ አይቀርም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት፣ እኛና ከእኛ በኋላ የሚመጡት የምናወጣው ጢስ ተጠራቅሞ የሚገባው በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ነው። እኛ ተራ ተራ እየገባን እንወጣለን፤ ጋሼ እዚያው ናቸው። ደግሞም ነገ ከዚህ ወጥተን ፋብሪካ የምንመራ፣ ዕቃ የምንገዛ እኛው ነን። ተማሪ ሆነን ለአንድ ቅዳሜ የሳሳን፣ ሹም ስንሆን ለፊልትሮ ዋጋ እንዳንሳሳ ምን ዋስትና አለ?

«ጭምብል ቢሰጥ አይበቃም ወይ?» የሚሉም አሉ። ጥሩ ጭምብል በፊት ላይ በደንብ ከተገጠመ ይረዳል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ያደረገውን ሰው ብቻ ነው፤ ጢሱ በአዳራሹ ይቀራል። የጨርቅ ጭምብልና የነጠላ ጫፍ ግን የብየዳ ጢስን አያግዱም።

ዕቃው በመተከሉም ሥራችን አላለቀም። ፊልትሮ ያረጃል። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያሳየው ሰዓት በየሳምንቱ እንዲመዘገብ፣ የመለወጫ ፊልትሮም ገንዘብ በየዓመቱ በጀት ውስጥ በራሱ መስመር እንዲገባ ጠይቀናል፤ ይህ ሁለተኛው ገና አልተፈቀደም። ከረጢቱን ማን ባዶ ያደርገዋል የሚለውም ጥያቄ አለ። ማታ እትዬ ደረቁን ከረጢት በእጃቸው አራግፈው የሚያፈሱት ከሆነ፣ ከሃያ አራት ተማሪዎች አፍንጫ የሰበሰብነውን አቧራ በአንድ እናት ላይ አፈሰስነው ማለት ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ሳይከፈት ታስሮ እንዲወጣ፣ ወለሉም ውሃ ተርከፍክፎበት እንዲጠረግ፣ ይህንንም በየተራ ተማሪዎች እንዲሠሩት ሐሳብ አቅርበናል። የተራው ሰንጠረዥ በወርክሾፑ በር ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን ስማቸውን የጻፉት ዘጠኝ ናቸው።

ስለዚህ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። በየሳምንቱ ተሰልፋችሁ ቅዳሜን የምትረግሙ ወንድሞቻችን፣ የመሳቢያውን ክንድ ከሥራችሁ ከአንድ ስንዝር በላይ አታርቁት፤ ከዚያ በላይ የራቀ እንደሆነ ቅዳሜያችሁም ገንዘቡም በከንቱ ሄዷል። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የፊልትሮው በጀት ጕዳይ ሲነሣ፣ እጃችሁን ለማንሳት በሰዓቱ ተገኙ። በሰንጠረዡም ላይ አሥራ አምስት ባዶ መስመር አለ።